በኢንክስኬፕ (የሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም) ቅርጽን በትክክል መሃል ላይ ማሳረፍ

ጥያቄ፦ በኤ4 ገጽ ላይ ለማዘጋጀው ዓርማ መሪ መስመሮችን ከማስመሪያው ስቤ ባወጣም ትክክለኛው መሃል ላይ አላርፍ ብለውኛል። በዓይን ግምት ሳልመካ የማስተካክልበት መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ 1፦ መስመሩን ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉ በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ለቋሚው 105፣ ለአግዳሚው 148.5 ሚሊ ሜትር ይጻፉ።

መልስ 2፦ ለዚህ መስመርም አያስፈልግም፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤ ተጭነው በሚመጣው የማሰለፊያ መስኮት ማነጻጸሪያው ገጹ እንዲሆን ከመረጡ በኋላ በሁለቱም አቅጣጫ ማማከል ይበቃል።

መልስ 3፦ ዓርማው በክብ ውስጥ ያለ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ ፕሮግራሙ የሚያማክለው ቅርጹን የከበበውን አራት ማዕዘን ስለሆነ፣ ሦስት ማዕዘኑ ወደ መሠረቱ ያጋደለ ይመስላል። የቁመቱን አንድ ስድስተኛ ያህል ወደ ጫፉ ይግፉት።