እህቴ ነርስ መሆን ትፈልጋለች፤ የግል ኮሌጅ ትመዝገብ ወይስ ሬሜዲያል ትግባ?

የዳሞት ልጅ (ፍኖተ ሰላም)

ሰላም እንዴት ከረማችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ተፈትና ከ600 271 አመጣች። ናቹራል ናት። ነርስ ካልሆንኩ ብላ ችክ ብላለች። ግማሹን ስላልሞላች ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ አትገባም፣ ሬሜዲያል፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ግን ይደርስሻል ብለዋታል።

አባታችን ደግሞ ሬሜዲያሉን አልወደደውም። የት እንደምትመደብ አይታወቅም፣ መንገዱም አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል፣ ሴት ልጅ ናት ይላል። እዚሁ አካባቢ አንድ የግል ኮሌጅ አለ። «በአንድ ዓመት ነርስ አድርገን እናስመርቃታለን፣ ዲግሪውን ከዚያ በኋላ እየሠራች ትጨርሰዋለች» ብለውታል። እሱም ጤፍ ሸጦ የመመዝገቢያውን ብር አዘጋጅቷል። እስከ አርብ ካልከፈላችሁ ቦታው ይሞላል እያሉ ይደውላሉ።

ነርስ ለመባል በትክክል ምን ምን ያስፈልጋል? የኮሌጁ ወረቀት ብቻውን ይበቃል ወይ? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሲስተር ከቡሬ

ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ ብሩን እንዳትከፍሉ። አርብ ያልፋል፣ ቦታውም አይሞላም።

በአንድ ዓመት ነርስ የሚባል ነገር የለም። ነርስ የሚኮንበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ዲግሪ ነው፣ 4 ዓመት። ሁለተኛው ድሮ ዲፕሎማ የምንለው የደረጃ ስልጠና ነው፣ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሁለቱም ብዙ ጊዜያቸው ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ላይ ነው። በሽተኛ ያልነካ፣ ማታ ዋርድ ያላደረ ልጅ ነርስ አይሆንም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የኮሌጅ ወረቀት አንድ ነገር ነው፣ የሙያ ፈቃድ ሌላ። ዲግሪ የተማረች ልጅ መጀመሪያ የመውጫ ፈተና አለባት። እሱን የሚያወጣው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፣ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ለሁሉም የዲግሪ ተማሪ ግዴታ ሆኗል፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ያንን ካላለፈች ዲግሪ የለም። ከዚያ ጤና ሚኒስቴር የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ይሄኛው የተለየ ነው፣ አንዱን አልፌያለሁ ብሎ ሌላውን መዝለል አይቻልም። በደረጃ የተማረች ደግሞ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ትፈተናለች።

ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ክልል ጤና ቢሮ ተሂዶ የሙያ ፈቃድ የሚወጣው። ዲግሪዋንና ትራንስክሪፕቷን፣ የፈተና ውጤቷን፣ የጤና ምርመራ ወረቀት፣ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ይዛ ትሄዳለች። ያ ፈቃድ እጇ ሳይገባ መርፌ መውጋት አትችልም። ጋውን መልበስማ ማንም ይለብሳል። እኛ ገጠር ነጭ የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» እንላለን አይደል፣ ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጮቄ

ሲስተር ያለችው ልክ ነው። ግን ዲፕሎማን አታናንቁ። እኔ በደረጃ 4 ተምሬ ጤና ጣቢያ ገብቼ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። ቤት ድረስ መጥተው የሚጠሩኝ ዲግሪ ያለውን ትተው እኔን ነው። ባሕር ዳር ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የመንግሥት ነው፣ ዲፕሎማ ነርስ እያሰለጠነ ስንት ጤና ጣቢያ ሞልቷል። የመግቢያ መስፈርቱ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ማስታወቂያው ሲወጣ ይከታተሉ።

ሲስተር ከቡሬ

ጮቄ ማን አናናቀህ። ግን እውነቱን እንነጋገር። አንተ ስትቀጠር ሌላ ጊዜ ነበር። አሁን ዲግሪ ይዘው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስማቸውን የሚፈልጉ ልጆች ሞልተዋል። አንድ መደብ ሲወጣ የሚመዘገበው ሰልፍ ነው። ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ ማሻሻልም እንደ ድሮው አይደለም፣ ሲኦሲ ይጠየቃል፣ የሥራ ልምድ ይጠየቃል፣ የመግቢያ ፈተና አለ። ልጅቷ 271 አምጥታ፣ ሬሜዲያል እየደረሳት፣ ለምን በጓሮ ትግባ? እኔ ብሆን ሬሜዲያሉን አስይዛታለሁ።

መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ሬሜዲያል ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ሬሜዲያል ማለፍ ነርሲንግ መግባት ማለት አይደለም። ስታልፍ መጀመሪያ ፍሬሽማን፣ ማለትም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ትሆናለች። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው፣ በውጤትና በምርጫ። ጤና ላይ ውድድሩ ይከብዳል። ስለዚህ ነርሲንግን የምትወድ ከሆነ የፍሬሽማን የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ነው መሥራት ያለባት። ብዙዎቹ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ግቢውን ሲላመዱ ይከርሙና ነጥባቸው ይወርዳል። በኋላ የማይፈልጉት ዲፓርትመንት ይደርሳቸዋል።

ምደባውን በተመለከተ አባትህ የፈሩት ያለ ነገር ነው። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ወይ ባሕር ዳር ወይ እንጅባራ ልትደርስ ትችላለች፣ ላትደርስም ትችላለች። ያንን ማንም ቃል ሊገባላችሁ አይችልም። እኔ አውቃለሁ፣ አስመድባታለሁ የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጉበት።

የግል ኮሌጁን ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእውቅና ወረቀት ጠጋ ብላችሁ አንብቡት። ሰው ማህተሙን አይቶ ይመለሳል። ማህተሙ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ወረቀቱ ግን የእናንተ ላይሆን ይችላል። እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም። ለፕሮግራሙ ነው፣ ለቅርንጫፉ ነው፣ ለመደበኛ ወይ ለማታ ነው፣ ቀንም አለው። አዲስ አበባ ላይ ለአካውንቲንግ የተሰጠ እውቅና ኮፒ ተደርጎ እዚህ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ለነርሲንግ ምን ይጠቅማል? «ነርሲንግ» የሚለውን ቃል፣ የእናንተን ከተማ ስም፣ የሚያበቃበትን ዓመተ ምህረት በጣታችሁ እየጠቆማችሁ ፈልጉ። ከሦስቱ አንዱ ከሌለ ውጡ።

ለዲግሪ እውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን ነው፣ ቀድሞ አግባብነት የምንለው። እውቅና ያላቸውን ያሳውቃል። ባለፉት ዓመታት የግል ተቋማትን እንደ አዲስ ሲመዘግብ ፈቃዳቸውን ያጡ ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ የአምና ዝርዝር ለዘንድሮ አይሠራም። ለደረጃ ስልጠና ከሆነ የክልሉን ሥራና ስልጠና ቢሮ ጠይቁ። ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለ፦ «ተማሪዎቻችሁ የት ሆስፒታል ነው ልምምድ የሚወጡት?» በሉ። የሆስፒታሉን ስም ከነገሯችሁ ሆስፒታሉ ሄዳችሁ ተማሪዎቹን ጠይቁ። ስም ካልጠሩ መልሱን አግኝታችኋል።

የአባይ ማዶ

ይቅርታ፣ ጥያቄውን ላራዝመው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ አባቴ ግን ደጀን ነው። ስትሮክ መትቶት አንድ ጎኑ አይታዘዝለትም። እናቴ ብቻዋን አልቻለችም። ጎረቤት «መርፌ የምትወጋ፣ ግፊት የምትለካ ልጅ አለች፣ ቤት ታድራለች» ብለው አምጥተዋል። ልጅቷ ጥሩ ትመስላለች፣ ወረቀቷን ግን አላየሁም። መጠየቅ ነውር ይሆናል ብዬ ነው።

የክሊኒክ ባለቤት (ባሕር ዳር)

ምን ነውር አለው? ሹፌር ሲቀጠር መንጃ ፈቃድ ይጠየቅ የለም እንዴ። እኔ ክሊኒክ ስላለኝ ሥራዬ ነው፣ እንዴት እንደማደርግ ልንገርህ።

ኦሪጅናሉን የሙያ ፈቃድ ነው የምጠይቀው፣ ኮፒ አልቀበልም፣ የስልክ ፎቶም አልቀበልም። ፎቶውን ከፊቷ ጋር፣ ስሙን እስከ አያት ከመታወቂያዋ ጋር አስተያያለሁ። ቀጥሎ የሙያውን ዘርፍ አያለሁ። ነርስ ነው የሚለው ወይስ ሚድዋይፍ፣ ፋርማሲ፣ ላብራቶሪ? አንድ ጊዜ «ነርስ ነኝ» ብሎ የመጣ ልጅ ፈቃዱ የፋርማሲ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን በፋርማሲ ፈቃድ ቁስል አይሰፋም። ከዚያ የሚያበቃበትን ቀን። ፈቃድ ለዘላለም አይደለም፣ ይታደሳል። ለማደስ ደግሞ ተከታታይ የሙያ ስልጠና ያስፈልጋል፣ ሲፒዲ የሚሉት፣ በዓመት 30 ነጥብ ነው። በመጨረሻ ፈቃዱን ወደሰጠው ቢሮ ደውዬ ቁጥሩን አስመሳክራለሁ። ይሄን የማያደርግ ቀጣሪ ብዙ ነው። ተቆጣጣሪ የመጣ ዕለት የሚደነግጠውም እሱ ነው።

ቀድሞ የሠራችበትን መልቀቂያም እጠይቃለሁ። ከቀጠርኩ በኋላ የሙከራ ጊዜው በሕጉ 60 የሥራ ቀን ነው። ጡረታ ከደመወዟ 7 ከመቶ እቆርጣለሁ፣ እኔ 11 ጨምሬ አስገባለሁ። «ጡረታው ይቅርና በእጄ ስጠኝ» የሚሉ አሉ። አይሆንም።

ሲስተር ከቡሬ

የአባይ ማዶ፣ አባትህን እግዜር ይማርልህ። መጀመሪያ አባትህ ምን እንደሚፈልጉ ለይ። በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጣቸው፣ የሚያጥባቸው፣ የሚያበላቸው ሰው ነው የምትፈልገው? ለዚህ ነርስ የግድ አይደለም፣ ትዕግስት ያላትና በደንብ ያሳየናት ልጅ ትበቃለች። ግን መርፌ ካለ፣ በቱቦ የሚመገቡ ከሆነ፣ የሽንት ካቴተር ካለ፣ የመኝታ ቁስል ከጀመራቸው፣ ያኔ ፈቃድ ያላት ነርስ ናት የምታስፈልገው። ሁለቱን ለይታችሁ ቅጠሩ። ፈቃድ ያላት ነርስ በሳምንት የተወሰነ ቀን እየመጣች ቁስሉን ትይ፣ የቀረውን ልጅቷ ትያዘው። እንዲህ ሲሆን ወጪውም ይቀላል።

ደግሞ ልጅቷን አትጠርጥራት፣ ዝም ብለህ ጠይቃት። «እህቴ፣ የት ተማርሽ? ፈቃድሽን ላየው» በላት። ያላት ደስ ብሏት ታወጣለች። ሲስተር ብላችሁ ከመጥራታችሁ በፊት እዩት። አንዴ ሲስተር ካላችኋት መጠየቁ ይከብዳችኋል።

የመዋጥ ችግር ካለባቸው ሲተኙ አታብሏቸው። ቀና አድርጋችሁ፣ በትንሽ በትንሹ። ይሄን ለእናትህ ዛሬውኑ ንገራት።

የክሊኒክ ባለቤት (ባሕር ዳር)

አንድ ነገር ረስቼ። ቤት ውስጥ የሚቀጠር ሰው እንደ ክሊኒክ ሠራተኛ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 ማለቴ ነው፣ ለግል አገልግሎት የሚቀጠርን አይሸፍንም። ስለዚህ ውል ጻፉ። ደመወዙ ስንት፣ እረፍቷ መቼ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሳለች፣ መድኃኒት ማን ይገዛል። ሁለት ምስክር ፈርመው በግራ በቀኝ ይያዝ። በቃል የተስማሙት ፋሲካ ሲደርስ ይጠፋል።

የአባይ ማዶ

እግዜር ይስጥልኝ። ልጅቷን ጠየቅኳት። በጤና ኤክስቴንሽን ነው የሠለጠነችው፣ ፈቃዷንም አሳየችኝ፣ የነርስ አይደለም። እራሷም «ካቴተር አልነካም» አለች። ወደድኳት። ለቁስሉ ከጤና ጣቢያ ሲስተር እንድትመጣ ተነጋግረናል፣ ከጣቢያው ሥራ ውጭ ባለ ሰዓቷ።

ስደተኛው

ከርዕሱ ልውጣና፣ ወደ ውጭ የምታስቡ ልጆች ካላችሁ ከአሁኑ ትራንስክሪፕታችሁን በደንብ ያዙ። አረብ አገር በነርስነት ለመቀጠር ዲግሪውም ፈቃዱም ምንጩ ድረስ ተጠይቆ ይጣራል፣ ከጤና ሚኒስቴር ጉድ ስታንዲንግ፣ ማለትም በሙያዋ ጥፋት የለባትም የሚል ደብዳቤ፣ ይፈለጋል፣ ፈተናም አለ። አሜሪካ ኤንክሌክስ የሚባል የነርስ ፈቃድ ፈተና አለ። እውቅና ከሌለው ኮሌጅ የወጣ ወረቀት እዚያ ላይ ያልቅለታል። እዚህ አገር በዘመድ ያለፈ ነገር እዚያ አያልፍም።

ጮቄ

አንተ ደግሞ ልጅቷ ገና ሳትገባ አሜሪካ አደረስካት 😄

የዳሞት ልጅ (ፍኖተ ሰላም)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቴን ይዤ ኮሌጁ ሄድን። መምህር እንዳለው ወረቀቱን ጠጋ ብዬ አነበብኩት። የሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ነው፣ ነርሲንግም የሚል የለበትም። አባቴ ማንበብ ባይችልም እኔ በጣቴ ስከተል የኮሌጁ ሠራተኛ ፊቷ ሲለዋወጥ አይቷል። «የኛ በሂደት ላይ ነው» አለች። አባቴም «እንግዲያውስ ሂደቱ ሲያልቅ እንመጣለን» ብሎ ብሩን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ወጣ።

ሬሜዲያሉን ተስማምቷል፣ አጎታችን እሸኛታለሁ ስላለ። ስትጠራ ምን ምን ይዛ ትሂድ?

መምህር (ደብረ ማርቆስ)

የተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ በራሱ ገጽ ጥሪ ያወጣል፣ እሱን ሳታዩ እንዳትነሱ። ቀን የሚቀየርበት ጊዜ አለ፣ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ። በአብዛኛው የሚጠይቁት የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9 እስከ 12 ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው፣ ሁሉም ኦሪጅናሉም ኮፒውም። ጉርድ ፎቶ በርከት አድርጋ ትያዝ። የፋይዳ መታወቂያ ካላወጣች አሁኑኑ ታውጣ። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ኦሪጅናሎቹን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጇ ላይ፣ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋ። ኮፒውን አንድ ስብስብ ቤት ተዉት።