ሬጉሌተር ልገዛ ነው፦ አዲስ ይሻለኛል ወይስ ያገለገለ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያውን የዳይቪንግ ኮርስ ጨርሼ እስከ 18 ሜትር መጥለቅ የሚያስችለውን ወረቀት ይዣለሁ። እስካሁን ሁሉንም ዕቃ እየተከራየሁ ነበር። አሁን ቢያንስ የምተነፍስበት ዕቃ፣ ማለትም ሬጉሌተሩ፣ የራሴ እንዲሆን እፈልጋለሁ። አንድ የማውቀው ጠላቂ የ12 ዓመት ሬጉሌተሩን ከነኦክቶፐሱ (ከመጠባበቂያው የአፍ መተንፈሻ) እና ከነግፊት መለኪያው በአዲሱ ሲሶ ዋጋ ሊሸጥልኝ ነው። ላለፉት 4 ዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የቆየው፣ ላዩ ላይ ጭረት እንኳ የለውም። ልግዛው ወይስ ቆጥቤ አዲስ ልግዛ? ፒስተንና ዲያፍራም የሚሉት ነገርም ግራ አጋብቶኛል።

ጠጋኙ፦
እህቴ፣ ላዩ አያታልሽ። ሬጉሌተር የሚያረጀው ከውስጥ ነው። ኦሪንጎቹ (አየር እንዳያመልጥ የሚያሽጉት ቀለበቶች) እና አየሩን የሚዘጉት የቫልቭ መቀመጫዎቹ ጎማና ፕላስቲክ ናቸው፣ ማንም ሳይነካቸውም ይደርቃሉ፣ ቅርጻቸውም ይበላሻል። ስለዚህ 4 ዓመት ተቀመጠ ማለት ሰርቪሱ አልፎበታል ማለት ነው። ብዙ አምራቾች በዓመት አንዴ ወይም 100 ጊዜ በተጠለቀበት ቁጥር፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በየ2 ዓመቱ እንዲፈታ ያዛሉ። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ሞዴሉን ይዘሽ ቴክኒሺያን ጋ ሂጂና መለዋወጫው አሁንም ይገኝ እንደሆነ ጠይቂ። አይገኝም ካለሽ በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂው። ይገኛል ካለሽ ደግሞ የሰርቪሱን ዋጋ ደምሪበት። ከሲሊንደሩ ጋር የሚገጠመው ፈርስት ስቴጅ፣ አፍሽ ላይ የሚሆነው ሴከንድ ስቴጅና ኦክቶፐሱ ለየብቻ ነው የሚፈቱት፣ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው የመለዋወጫ ኪት አላቸው። ብዙ ሰው ይህን ሳያሰላ ነው «በርካሽ ገዛሁ» የሚለው።

አስተማሪው፦
የፒስተንና የዲያፍራም ነገር ብዙ አያስጨንቅሽ። ሁለቱም የፈርስት ስቴጅ ዓይነቶች ናቸው፣ ሥራቸውም የሲሊንደሩን 200 ባር ግፊት በዙሪያሽ ካለው የውሃ ግፊት ወደ 10 ባር ገደማ ብቻ ከፍ ወዳለ ግፊት ማውረድ ነው። ፒስተኑ ተንቀሳቃሽ ዕቃው ጥቂት ስለሆነ ለመጠገን ይቀላል። ዲያፍራሙ የውስጥ ክፍሎቹን ከውሃና ከአሸዋ ይለያል፣ ለቀዝቃዛ ውሃ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ባላንስድ ነው ወይ ብዬ ነው። ባላንስድ ካልሆነ የሲሊንደሩ አየር እያለቀ ሲሄድ ትንፋሹ እየከበደሽ ይመጣል። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ 4 ባር ነው፣ በአንድ ትንፋሽ የምትወስጂው አየርም ከውሃው በላይ ከምትወስጂው 4 እጥፍ ነው፣ ልዩነቱ በደንብ የሚታወቅሽ እዚያ ነው። ለ18 ሜትር ባላንስድ ያልሆነውም በደንብ ይሠራል፣ ግን ጥልቀት መጨመርሽ አይቀርም። ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ልትገቢ ካሰብሽ ደግሞ ለቀዝቃዛ ውሃ የተፈተነ መሆኑን አረጋግጪ፣ አለዚያ ውስጡ በረዶ ይሠራና አየሩ ሳይቆም ይለቃል።

ሁልጊዜ ያገለገለ የምገዛው፦
እኔ ያለኝ ዕቃ ሁሉ ያገለገለ ነው፣ ግን መጀመሪያ ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያውን ሳላይ ገዛሁት። 12 ሜትር ላይ ሴከንድ ስቴጁ በራሱ አየር ይለቅ ጀመር፣ በጓደኛዬ ኦክቶፐስ እየተነፈስኩ ወጣሁ። ሲፈታ የፈርስት ስቴጁ መቀመጫ ተበልቶ ነበር። ደግነቱ ሬጉሌተር ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ አየር ይለቃል እንጂ አይዘጋም። ከዚያ ወዲህ ሳልፈትሽ አልገዛም። ከሲሊንደር ሳይገጠም የአቧራ ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊና በአፍሽ ሳቢ፣ ምንም አየር መምጣት የለበትም። ከመጣ የሆነ ቦታ ያስገባል። አየር የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎች ብረቱ አጠገብ ጎንበስ አድርገሽ እያቸው፣ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ፈርስት ስቴጁ አየር የሚገባበት አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ማጣሪያም እያት። አረንጓዴ ከሆነች ውሃ ገብቷል፣ ቡናማ ከሆነች የሲሊንደር ዝገት ነው። መለኪያ ያለው ሰው ካገኘሽ ደግሞ መካከለኛውን ግፊት፣ ማለትም ከፈርስት ስቴጁ ወደ ሴከንድ ስቴጁ የሚሄደውን፣ ያሳይሽ፣ 9 ወይም 10 ባር ገደማ ላይ መርጋት አለበት። ቀስ እያለ ወደ ላይ ከወጣ መቀመጫው አልቋል።

ሌላ አባል፦
የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ልጨምር። አገጣጠሙን እዪ። ዮክ የሚባለው ሲሊንደሩን ከውጭ የሚያቅፈው ነው፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 232 ባር ይሠራል። ዲን ወደ ውስጥ በጥርስ የሚገባው ነው፣ እስከ 300 ባር የሚችል አለው፣ ኦሪንጉም በቀላሉ አይወጣም። ከቻልሽ ዲን ግዢ፣ በአዳፕተር የዮክ ሲሊንደር ላይም ይገጠማል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ዛሬ ሄጄ አየሁት። በአፍ መሳቡን አለፈ። ማጣሪያዋ ግን አረንጓዴ ናት። ባለቤቱ ራሱ አላወቀም ነበር፣ ደነገጠ። ቴክኒሺያኑ መለዋወጫ አለ ብሏል፣ ግን ሰርቪሱና 3 የጎማ ቱቦ ሲደመር ዋጋው የአዲሱን ግማሽ አለፈ። ልተወው?

ጠጋኙ፦
ገና አትተዪው፣ ግን አትክፈዪም። መጀመሪያ ይፈታ። አረንጓዴው ማጣሪያዋ ላይ ብቻ ከሆነ ማጣሪያ መቀየር ነው። መቀመጫው የሚያርፍበት የብረቱ ጠርዝ ከተበላ ወይም ከተቦረቦረ ግን አዲስ ኪት ቢገባለትም አይዘጋም፣ ያኔ መልሺለት። የማስፈቻውን ከባለቤቱ ጋር እኩል ተካፈሉ። ሲፈታ አንቺም እዚያው ሁኚና ጠርዙን በአጉሊ መነጽር አሳየኝ በይው።