«ግሉኮስ ይሰካልኝ» ሲባል ነርሷ እምቢ ትበል?

የቡድኑ አስተባባሪ፦ ደክሞት ክሊኒክ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ «ግሉኮስ ይሰካልኝ» ይላል። በአፉ መጠጣት የሚችል ከሆነ ይከልከል ወይስ ከፍሎ እስከጠየቀ ይሰጠው?

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ ይከልከል። ሰው ግሉኮስ ሲል ጉልበት ነው የሚያስበው። አምስት ፐርሰንቱ ግሉኮስ በ1 ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር ነው ያለው፤ ቢበዛ 200 ካሎሪ። ጨው ግን ጭራሽ የለውም። ሰውነት ስኳሩን ሲጨርሰው የሚቀረው ባዶ ውሃ ነው። ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው የሰነበተ ሰው ጨው ወጥቶበታል፤ እኛ ደግሞ የቀረችውን በውሃ እናቀጥናለን። በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ማለትም የጨው ዋና ክፍል፣ በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው መሆን ያለበት። ቶሎ ሲወርድ አንጎል ያብጣል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል። ቤተሰብ ይሄን ሲያይ «ገና አልተሻለውም፣ አንድ ይጨመርለት» ይላል። ቀጥሎ መቀባዠር፣ ከዚያ ማንቀጥቀጥ ነው። ከሁሉ የምፈራው ለግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለሚወስዱ አረጋውያን ነው። መድኃኒቱ ራሱ ሶዲየም ያወርዳል።

የግል ክሊኒክ ነርስ፦ እህቴ፣ አንቺ ያለሽው ሆስፒታል ነው። እኔ እምቢ ያልኩት ሰው መንገድ ተሻግሮ ሌላ ቦታ ያሰካል። እዚያ ግፊቱን የሚለካለት መኖሩንም እንጃ። እኔ ጋ ቢያንስ ሳንባው ይደመጣል፣ የእግሩ እብጠት ይታያል፣ ጠብታው ይቆጠራል። 1 ሚሊ 20 ጠብታ በሚሆንበት ቱቦ፣ 1 ሊትር በ8 ሰዓት ውስጥ ይለቅ ከተባለ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። ዞር ስል አስታማሚው «ቶሎ ይለቅ» ብሎ ይከፍተዋል። ተመልሼ ፍጥነቱን እቀንሰዋለሁ። ደግሞም እኔ የታዘዘውን ነው የምሰካው። ትዕዛዝ የጻፈውን ትታችሁ ነርሷን ብቻ አትውቀሱ።

አስታማሚ፦ የሕክምና ሰው አይደለሁም። እናቴን በሑዳዴ ሆዷን አሟት ለቀናት አስቀመጣት። ግሉኮስ በተሰካላት ማታ ቀና አለች። በዓይኔ ያየሁትን ልካድ?

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ ያየሽው እውነት ነው። ፈሳሽ ጎድሏት ነበር፣ ፈሳሽ ገባላት። መጠጣት ትችል ከነበረ ግን ኦአርኤስ፣ ያ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት፣ ይበልጥላት ነበር። በ1 ሊትር 2.6 ግራም ጨውና 13.5 ግራም ግሉኮስ አለው፣ ፖታሲየምም አለው። ስኳሩ የገባው አንጀት ጨውንና ውሃውን አብሮ እንዲስብ ነው። «የሚጠጣ መድኃኒት ደካማ ነው» ለሚል ሰው ደግሞ፦ እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ሕንድ ድንበር ላይ ባለ የስደተኞች ካምፕ ኮሌራ ገባ። የሚሰካው ፈሳሽ ሲያልቅ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ቤተሰብ በኩባያ እንዲያጠጣ አደረጉ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ወደ 3.6 በመቶ ወረደ።

ጤና መኮንን፦ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ይዞት ዓይኑ የጎደጎደ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ቶሎ የማይመለስ፣ መጠጣት ያቃተው ሰው ላይ ክርክር የለም። ወዲያው ይሰካለት! ግን ግሉኮስ ሳይሆን ሪንገር ላክቴት፣ ጨው ያለበት የሚሰካ ፈሳሽ፣ ነው፤ ለአዋቂ በኪሎ 100 ሚሊ በ3 ሰዓት ውስጥ። «መሰካት መጥፎ ነው» የሚል ወሬ ነዝተን እንዲህ ያለው ሰው ቤቱ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ትዕዛዝ የጻፈው ይጠየቅ በሚለው ግን እስማማለሁ።

የግል ክሊኒክ ነርስ፦ እሺ፣ ልጠይቅ። ኦአርኤስ በጥብጬ፣ አንድ ሰዓት አጠገቤ አስቀምጬ ባጠጣው፣ ያንን ማን ይከፍላል? የተሰካ ፈሳሽ ዋጋ አለው፤ ቁጭ ብሎ ማጠጣት ዋጋ ዝርዝሩ ላይ የለም። ይህ ሳይስተካከል ነርስ ብቻዋን እምቢ ብትል የሚሰማት የለም።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ እሱስ እውነትሽን ነው፣ የክትትል ክፍያ ይኑር። እስከዚያው ግን የግፊት መድኃኒት የሚወስድ አረጋዊ ሲመጣ ሶዲየሙ ሳይታይ ግሉኮስ አትስኪ። ላቦራቶሪው ከሌላችሁ ወደሚሠራበት ላኪው።