የሊዬዥና የበርሚንግሃም ባለ ሁለት አፈሙዝ፦ በጥራት የትኛው ይበልጣል?

የሐይቅ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፈቃድ ካላቸው ሁለት አሮጌ 12 ካሊበር ጠመንጃዎች አንዱን ለመምረጥ ነው ጥያቄዬ። ሁለቱም ጎን ለጎን አፈሙዝ ናቸው። አንዱ የቤልጅግ ነው፤ መዶሻዎቹ ከውጭ፣ በርሜሉ ላይ ጥምዝምዝ መስመር፣ ጎንና ጎኑ በሙሉ የተቀረጸ። ከሥሩ በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ፊደላት፣ ከላይ ዘውድ አለው። ሌላው የእንግሊዝ ነው፤ ቅርጽ የለውም፣ መዶሻው ውስጥ ነው፣ ከዘውድ ሥር ቢ፣ ኤን፣ ፒ፣ ቀጥሎ "3 ቶን" እና "2½" ይላል። ለቤልጅጉ የተጠራው ዋጋ ይበልጣል። ያለው ጥይት ሣጥኑ ላይ 70 ሚሜ ይላል።

ጦሳ፦
ወንድማለም፣ ቅርጹን ለጊዜው ተወውና በርሜሉን ገልብጠህ ማኅተሙን አንብብ። ዘውድ ያለበት ሞላላ ማኅተም ከ1893 (እንደ ፈረንጅ) ወዲህ በቤልጅጓ ሊዬዥ ከተማ እንደተፈተሸ፣ ማለትም ከባድ ጥይት ተተኩሶበት ጥንካሬው እንደታየ ይነግርሃል፤ በምን ባሩድ እንደተፈተሸ ግን አይነግርህም። አንበሳና ከሥሩ ፒ እና ቪ ፈልግ፤ የጭስ አልባ (የዛሬው) ባሩድ ፍተሻ ምልክት እሱ ነው። እሱ ከሌለ የተፈተሸው በጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬ ጥይት አይጎርስም።

ጥምዝምዙ ደማስቆ የሚሉት ነው፤ ለስላሳ ብረትና አረብ ብረት አብረው ተጠማዝዘው፣ በዘንግ ላይ ተጠቅልለው በእሳት የተጣበቁ። በደንብ የተሠራ ደማስቆ ደካማ አይደለም። ክፋቱ ዝገት በመጋጠሚያዎቹ መስመር ገብቶ ከውስጥ ሲበላው ከላይ አለመታየቱ ነው።

የእንግሊዙ ማኅተም የበርሚንግሃም ጭስ አልባ ባሩድ ፍተሻ ነው። የፍተሻውን ግፊት በቶን (በካሬ ኢንች) መጻፍ የተጀመረው በ1954 ስለሆነ፣ ጠመንጃው ከዚያ ወዲህ ተሠርቷል ወይም ዳግም ተፈትሿል። 2½ ኢንች ማለት 65 ሚሜ ጥይት ነው። ሣጥንህ ላይ ያለው 70 ግን የሚለካው ቀለሁ ተተኩሶ አፉ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ያልተተኮሰው 58 ሚሜ አካባቢ ብቻ ስለሆነ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ጠመንጃውም ይዘጋል። ሲተኮስ ግን የቀለሁ አፍ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፣ መተላለፊያው ይጠባል፣ ግፊቱ ይንራል። ያንን ጥይት ለሁለቱም አታጉርስ።

ቶርኖ ኮምቦልቻ፦
ማኅተም የሚናገረው ስለተመታበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዝገት ለማጥፋት ውስጡ ተፍቆ ከሆነ ብረቱ ሳስቷል። የእንግሊዙ ላይ .729 የሚል ካለ 18.5 ሚሜ ነው፤ አሁን ሲለካ ከዚያ ከ0.25 ሚሜ በላይ ከሰፋ ፍተሻው አይጸናም።

ውጭውን በካሊፐር፣ ውስጡን በውስጥ መለኪያ ለክቶ ልዩነቱን ለሁለት ማካፈል ያሳስታል። አንዱ ጎን 0.9፣ ሌላው 0.3 ሆኖ አማካዩ 0.6 ይወጣል። ረጅም ክንድ ባለው ኮምፓራቶር (የብረቱን ውፍረት በቀጥታ የሚያሳይ መለኪያ) ዙሪያውን አስለካ፤ በተለይ ከማጉረሻው 23 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ወደ ፊት ያለውን። የትም ቦታ ከ0.5 ሚሜ ከወረደ አይተኮስበትም።

ቀጥሎ መጋጠሚያው። የፊት እጀታውን እንጨት አውልቅ፣ ጠመንጃውን ዝጋ፣ ሰደፉን በብብትህ ይዘህ በርሜሉን ወደ ጎንና ወደ ላይ ነቅንቅ። የእንጨቱ ሞላ ልልነቱን ስለሚደብቅ ነው የሚወልቀው። ከዚያ የበርሜሉን ኋላ በኩራዝ ጥቀርሻ አጥቁረህ ዝጋና ክፈት። ጥቀርሻው ከሁለቱም በርሜሎች ወደ መዝጊያው ግንባር እኩል ከተላለፈ ጥሩ ነው፤ ከታች ብቻ ነክቶ ከላይ ካልነካ ፔርኖው (በርሜሉ የሚታጠፍበት ዘንግ) ተበልቷል። መክፈቻው (ከላይ ያለው ማንሻ) ሲዘጋ ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ ቢቆም ገና ዕድሜ አለው፤ ወደ ግራ ካለፈ አልቋል። መድኃኒቱ ወፍራም ፔርኖ መቀየር ነው። "በብየዳ እሞላልሃለሁ" የሚል ካለ ይዘህ ውጣ! ሙቀቱ ሁለቱን በርሜሎች ያያያዘውን ስታኞ (የቆርቆሮ ማያያዣ) ያቀልጠዋል።

በመጨረሻ በርሜሉን ብቻውን በመንጠቆው በጣትህ አንጠልጥለህ በእንጨት ምታው። እንደ ደወል ከጮኸ ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ መሐሉ ተላቋል፣ ከሥሩም ውሃ ገብቶ ይሆናል። በደሴ ጉም ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ለኖረ ጠመንጃ ይህን ሳያዩ ዋጋ መጥራት ስህተት ነው።

የሐይቅ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቤልጅጉ አንበሳ የለውም። የእንግሊዙ አይነቃነቅም፣ መክፈቻው ወደ ቀኝ ነው፣ ድምፁም ጥሩ። ግን አፉ ላይ በሁለቱ በርሜሎች መካከል ክፍተት አለ፣ በእርሳስ የተሞላ ይመስላል።

አምባሰል፦
ተቆርጧል ማለት ነው። የበርሜሎቹ ጫፍ በአብዛኛው ተነካክቶ ነው የሚሠራው። የጥይቱን ፍሬ ሰብሰብ የሚያደርገው ጥበት (ቾክ) ያለው ጫፉ ላይ ስለሆነ አብሮ ሄዷል። ለክተህ አረጋግጥ፦ ሙሉ ጥበት 1 ሚሜ፣ ግማሹ 0.5 ሚሜ አካባቢ ከውስጡ ይጠባል። ዜሮ ከሆነ የጥይቱ ፍሬ ቶሎ ይበተናል፤ ለቆቅ በቅርብ ይሆናል፣ ከሐይቁ ለሚነሳ ዳክዬ አይሆንም። ይህ አደገኛ ጉድለት አይደለም፣ ዋጋውን ግን በደንብ ያወርደዋል።

ጦሳ፦
እኔም የእንግሊዙን እላለሁ፣ ውፍረቱ ከተለካ በኋላ፣ በ65 ሚሜ ጥይት። ቤልጅጉ ለግድግዳ ያምራል። አንድ ነገር ደግሞ፦ 20 ካሊበር ጥይት ከዚህ ጋር በአንድ ኪስ አታስቀምጥ። በ12 ማጉረሻ ውስጥ አልፎ ፊት ላይ ይቀረቀራል፤ ጠመንጃው ባዶ ይመስልና 12 ከኋላው ይጎርሳል፣ በርሜሉም እጅህ ላይ ይፈነዳል። 20 ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው፣ አንተ ግን የቀለሁን ቂጥ አንብብ።