የጤና መድህን ደብተር ለስነ ምግብ ባለሙያ ይሠራል ወይ?

የወረታ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ባህር ዳር ነኝ፣ እናቴ ወረታ ናት። ባለፈው ወር ስኳር ተገኘባት። ያያት ሐኪም ሜትፎርሚን አዘዘላትና "ምግብሽ ላይ ተጠንቀቂ፣ ከተቻለም የስነ ምግብ ባለሙያ አማክሪ" ብሎ ሸኛት። ምን ትብላ፣ ምን ትተው፣ አንድም አልነገራትም። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶት ስለነበር አልፈርድበትም።

እሷ ግን የሰማችው "ተጠንቀቂ" የምትለዋን ብቻ ነው። ቁርስ ትታለች። ምሳ ላይ እንጀራ በሽሮ ቀመስ አድርጋ ትውላለች። ከስታለች። አንዷ ጎረቤት አብሽ ጠጪ ትላታለች፣ ሌላዋ ሽፈራው ቀቅይ ትላታለች፣ ማር ስኳር አይደለም ብላ ያሳመነቻትም አለች፤ እሱን ሳስብ ነው ይበልጥ የምደነግጠው።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደብተር አላት፣ በየዓመቱ ታድሳለች፣ መድኃኒቱንም በሱ ነው የወሰደችው። እኔ ደግሞ በመሥሪያ ቤቴ በኩል የግል ኢንሹራንስ አለኝ። በሷ ደብተር ባህር ዳር አምጥቼ ባለሙያ ጋ ላስገባት እችላለሁ? ካልሆነስ በኔ? አንድ የግል ክሊኒክ ጠይቄ ለአንድ ቀን ምክር የጠሩልኝ ዋጋ አስደንግጦኛል። የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።

ሽምብጥ ሰፈር፦
ለምግብ ምክር ደግሞ ምን ያስከፍላል? ስኳርና ቅባት ይቅርባት፣ በእግሯ ትሂድ፣ አለቀ። ብርሽን አትጣይ።

ነጭ ጋወን፦
ሽምብጥ ሰፈር፣ አትቀየመኝ፣ እዚህ ጤና ጣቢያ ውስጥ ስሠራ ሰው ሲጎዳ ያየሁት "አለቀ" በሚል ምክር ነው። በዐቢይ ጾም አንድ እናት መጡልን። ግሊበንክላሚድ የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ዋጡ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመሱም፣ መንገድ ላይ ወደቁ። ስኳራቸው ወርዶ ነበር። በስኳር ውሃ ነው የተመለሱት። እሳቸውም "ተጠንቀቂ" ተብለው ነበር።

ወረታዋ፣ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ደብተሩ የሚከፍለው ለበሽታው ነው። ምርመራ፣ ላብራቶሪ፣ መድኃኒት፣ አልጋ ይሸፍናል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምና አይሸፍንም። "የስነ ምግብ ባለሙያ" የሚል ለብቻው የቆመ አገልግሎት ፈልገሽ ብትገቢ ግራ ትጋቢያለሽ። የምግብ ምክሩ መሰጠት ያለበት በስኳር ክትትሉ ውስጥ ነው፣ እኛ ጋ ለብቻው አናስከፍልበትም። ስለዚህ ካርድ ክፍል ሄደሽ "የስነ ምግብ ባለሙያ አለ?" አትበይ፤ ክትትል ክፍል ገብተሽ "ስለ አመጋገብ የሚያስረዳን ማን ነው?" በይ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ በር የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው።

ሌላው፣ እናትሽ የተመዘገበችው እዚያው ወረታ ነው፣ ባህር ዳር አይደለም። መግቢያዋ ወረታ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ከአቅማቸው በላይ ነው ካሉ ሪፈር ይጽፋሉ። ያለ ሪፈር ቀጥታ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይዘሻት ብትመጪ ከኪስሽ ማውጣትሽ ነው። ሪፈሩም ላይ የትኛው ሆስፒታል እንደተጻፈ እዩት፣ ወረዳው ውል ከሌለው ሆስፒታል ብትሄዱ ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የመድህን ጽሕፈት ቤቱን አስቀድመሽ ጠይቂ። ወረታ ያለችበት ፎገራ ወረዳ እኮ መድህኑ በ2003 በ13 ወረዳ ሲሞከር ከደቡብ አቸፈርና ከተሁለደሬ ጋር አብሮ የነበረ ነው። ስለ ደብተሩ የፎገራ ሰው ከኛ በፊት ያውቃል።

የባንክ ቤት ሰው፦
የግሉን እኔ ልንገርሽ፣ ተቃጥዬበታለሁ። መጀመሪያ ውሉን አውጥተሽ "ቤተሰብ" የሚለውን አንብቢ። እኛ ጋ ቤተሰብ ማለት ባል ወይም ሚስትና ልጅ ነው። እናት የለችበትም። ያንቺም እንደዚያ ከሆነ ለሷ አትድከሚ።

ለራስሽ ስትፈልጊው ግን ይጠቅምሽ ይሆናል። እኔ አምና ኮሌስትሮሌ ጨምሮ ቀጥታ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ጥሩ ልጅ ነበረች፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችኝ። ደረሰኙ ላይ "የክብደት መቀነሻ ምክር" ብለው ጻፉ። ኢንሹራንሱ ይህ ለውበት ነው ብሎ መለሰብኝ። ለውበት! የኔን ፊት አይተው ቢሆን እንዲያ አይሉም ነበር። ሁለተኛ ዙር ላይ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ገባሁ። የበሽታውን ስም ጻፈልኝ፣ ወደሷ ላከኝ፣ ደረሰኙም ላይ ያው የበሽታ ስምና ማኅተም ገባ። ከተወሰነ ቅናሽ ጋር ከፈሉኝ። ሰውዬው እኔው፣ ምክሩም ያው፣ የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነው። ከመሄድሽ በፊት የሰው ኃይል ክፍላችሁን ውል ያላቸው ክሊኒኮች የትኞቹ እንደሆኑና ደረሰኝ በስንት ቀን መግባት እንዳለበት ጠይቂ። ቀኑ ካለፈ ማንም አይሰማሽም።

ዳጉሳ፦
ስነ ምግብ ነው የተማርኩት። የወረቀቱን ነገር እነሱ ጨርሰውታል፣ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ የምትበላው እንጀራ ከምን ነው?

ይህን የምልሽ ወረታ ስላልሽ ነው። ሩዙ ከደጃችሁ ነው የሚበቅለው፣ ጤፍ ደግሞ ተወዷል፣ ብዙ ቤት እንጀራው በሩዝ ዱቄት ተደባልቆ ነው የሚጋገረው። ነጭ ይሆናል፣ ዐይኑም ያምራል። ግን የተፈተገ ነጭ ሩዝ ስኳርን ቶሎ ያወጣል። ሴትዮዋ "እኔ እንጀራ በሽሮ ብቻ ነው የምበላው" ስትል እውነቷን ነው፣ ሐኪሙም በልቡ ጤፍ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከቻላችሁ የሩዙን መጠን ቀንሳችሁ ዳጉሳ ወይም ጤፍ ጨምሩ። ዳጉሳ እንጀራው ይጠቁራል ብላ ታኮርፍ ይሆናል። ጤፍም ቢሆን በመጠን ነው።

መጠን ካልን ደግሞ ዋናው ችግር ትሪው ነው። ከአንድ ትሪ ስንበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም። ጉርሻ ሲጨመርማ ተይው። ለሷ ለብቻ ሳህን አድርጉላት ብል ቅር እንደሚላት አውቃለሁ፣ የኔም እናት "ምን አጥፍቼ ነው ለብቻዬ" ብላኝ ነበር። እኛ ቤት ያስታረቀን እሷ ፊት የሚቀመጠውን እንጀራ አስቀድሞ መለካት ነው። ከትሪው አትነሳም፣ የሷ ድርሻ ግን ይታወቃል። ጎመኑና ምስሩ ይብዛላት። ቆሮሶ ዓሣ ስታገኙ ጥሩ ነው፣ በብዙ ዘይት ከሚጠበስ ግን ወጥ ወይም ጥብስ በትንሽ ዘይት ይሁን። ማር ስኳር ነው፣ ጎረቤቷን ሰላም በይልኝ።

ቁርስ መተዋን ግን ዛሬውኑ አስቁሚያት። ከስታለችም ስላልሽ ሐኪሙ ይወቀው። ጾመኛ ከሆነች ደግሞ ጾሙ ሳይገባ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደምትወስድ ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር፤ ንስሐ አባቷም ይወቁ። ብዙ ጊዜ ለበሽተኛ ጾሙን የሚያከብዱት ንስሐ አባቶች ሳይሆኑ በሽተኛዋ ራሷ ናት።

ባለሙያ ጋ ስትሄዱ የሦስት ቀን ምግቧን ጽፈሽ ያዢ። የጠጣችውንም፣ ጠላም ቢሆን፣ ቡናው ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደገባም። ባዶ እጅሽን ከሄድሽ ለሁሉም ሰው የሚባለውን ሰምተሽ ትመለሻለሽ። በ2014 የወጣው የሀገራችን የአመጋገብ መመሪያ አለ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ለጤነኛው ሰው የተጻፈ ስለሆነ በሱ ብቻ አትመሪያት።

ሽምብጥ ሰፈር፦
እሺ እሺ፣ ተሳስቻለሁ። የሩዙን ነገር ግን እኔም ቤት ልጠይቅ።

የወረታ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አሁን ደወልኩላት። እንጀራው ግማሽ በግማሽ ሩዝ ነው። "ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው፣ ስንት ዓመት የበላነው ነው" አለችኝ። ቡናው ደግሞ በቀን ሦስቴ ነው፣ በየስኒው ሁለት ማንኪያ። ይህን ለሐኪሙ ነግረሽዋል ወይ ስላት "አልጠየቀኝም" አለች።

የኔ ውል ላይ እናት የለችም፣ አየሁት። ሰኞ ፈቃድ ወስጄ ወረታ እወርዳለሁ፣ ደብተሯን ይዘን ክትትል ክፍሉ ጋ እንገባለን። ነጭ ጋወን፣ አንድ ጥያቄ፦ የሦስት ወሩን ስኳር በአማካይ የሚያሳየውን ምርመራ እዚያው ካልሠሩላት ለሱ ብቻ ሪፈር ይጽፋሉ?

ነጭ ጋወን፦
ሐኪሙ ካመነበት ይጽፋል፣ ራስሽ ጠይቂው። የድሮውን የላብራቶሪ ወረቀት ሁሉ ያዢ። ቁርሷን ደግሞ አብልተሻት ሂጂ፣ "ባዶ ሆድ ኑ" ካላሏችሁ በስተቀር።

የወረታ ልጅ፦
እሺ። ስኳሩን ከቡናው ማን ያወጣዋል የሚለው ነው የቀረኝ።