አስቸኳይ! የእህቴ ክርን ለቅዳሜ ይደርስልኛል?

የሆጤዋ፦ ሰላም ጀማዓ፣ ቶሎ መልሱልኝ። እህቴ ጦር ወርዋሪ ናት፣ ቅዳሜ የትምህርት ቤቶች ውድድር አለባት። ትናንት ልምምድ ላይ ክርኔ የውስጥ በኩል "ቀጭ" አለ ብላ መጣች። ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን ማስያዝ አቅቷት እኔ ነኝ ያስያዝኩላት። አላበጠም። ምን ልቀባት? ደሴ ነን።

ገራገሩ፦ አብሽሪ እህቴ። በረዶ ያዢላት።

ጦሳ ስር፦ የደሴ ብርድ እያለ በረዶ ፍለጋ? ማታ ክንዷን በመስኮት አውጥታ ትተኛ፣ አለቀ።

የድሮ ስፖርተኛ፦ የዛሬ ልጆች ሰውነት ሳያሟሙቁ ነው የሚወረውሩት። ውርወራ ከእግር ይነሳል፣ በዳሌ ያልፋል፣ ክንድ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቆሞ በክንዱ ብቻ የሚወረውር ልጅ ሸክሙን ሁሉ ክርኑ ላይ ይጥለዋል። እኛ መጀመሪያ ዳገት እንሮጥ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ...

ጦሳ ስር፦ ጋሼ፣ ልጅቷ ምን ልቀባት ነው ያለችው።

ሐይቅ ዳር፦ ወጌሻ ጋ ውሰጃት። የኛ ሰፈሩ ሰውዬ በቅቤ ሁለቴ አሸት አድርገው ቀጥ ያደርጉታል።

ፊዚዮ፦ ኧረ በአላህ እንዳታሳሻት! ዕድሜዋ ስንት ነው? ሕመሙ ትናንት ነው የጀመረው? ክንዷ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል?

የሆጤዋ፦ 13 ዓመቷ ነው። ማመም ከጀመራት ሦስት ሳምንት ይሆናል፣ ግን ሲሞቅ ስለሚተዋት ዝም አልን። ከጤነኛው ጋር ሲተያይ ለመዘርጋት ትንሽ ይቀረዋል። ከሰዓት ደግሞ መረብ ኳስ ትጫወታለች፣ ሰርቭ የምትመታው እሷ ናት።

ፊዚዮ፦ እንግዲህ ዋናውን ነገር አሁን ነገርሽኝ። በዚህ ዕድሜ የክርን የውስጥ ጉብታ ገና ከዋናው አጥንት ጋር አልገጠመም፣ መሃሉ ለስላሳ ማደጊያ ነው። በወረወረች ቁጥር ጅማቱ እሱን ይጎትተዋል። ትልቅ ሰው ቢሆን ጅማቱ ይጎዳ ነበር፣ ልጅ ላይ ግን ቀድሞ የሚሸነፈው ማደጊያው ነው። "ቀጭ" ካለ ደግሞ ተነጥሎ ሊሆን ይችላል። ነገ አጥንት ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ራጅ ይነሳ፣ ለማነጻጸር ጤነኛውንም ጭምር። ክንዷን መጎተት የለም፣ ማስታገሻ ውጦ መወዳደርማ ጭራሽ! ካበጠ ወይም ጣቶቿን ከደነዘዛት ነገን አትጠብቂ።

ገራገሩ፦ በረዶ አልኩ እኮ።

ፊዚዮ፦ በጨርቅ ጠቅልላ 15 ደቂቃ ብትይዝ ሕመሙን ያበርድላታል። አያድናትም።

ቨርጂኒያ ያለው፦ እዚህ ልጄ ቤዝቦል ይጫወታል። ወርዋሪ ልጆችን ይቆጥሩላቸዋል፦ 11 እና 12 ዓመት በቀን ከ85 ውርወራ አያልፉም፣ 13 እና 14 ከ95። ከ66 ጀምሮ ከወረወሩ አራት ቀን እረፍት ነው። በዓመት ውስጥም ቢያንስ አራት ወር ውርወራ የለም። መጀመሪያ ሙድ ያዝኩባቸው፣ የጎረቤት ልጅ በክርኑ ኦፕራሲዮን ሲሆን ግን ዝም አልኩ። ሴቷ ልጄ ደግሞ የቤዝቦል ዘመድ የሆነውን ሶፍትቦል ትጫወታለች፤ እሱ ከታች ወደ ላይ ስለሚወረወር አይጎዳም ሲሉን ትከሻዋን አመማት። የእህትሽ ጦርም ሰርቭም ክርኗ ላይ አንድ ሒሳብ ነው።

የድሮ ስፖርተኛ፦ እኛ ከብት ስንጠብቅ ድንጋይ ስንወረውር ማን ቆጠረልን?

መምህሩ፦ እኔ ያልገባኝ ቅዳሜ ለምን የግድ ሆነ? የ13 ዓመት ልጅ ናት። ለመሆኑ ጦሩ ስንት ግራም ነው?

የሆጤዋ፦ ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ጦር ብቻ ነው፣ ወንዶቹም በሱ ነው የሚወረውሩት። ጠየቅኳት፣ መያዣው አጠገብ 800 የሚል አለው አለችኝ።

መምህሩ፦ 800 እኮ የአዋቂ ወንድ ነው! የአዋቂ ሴት 600 ነው፣ ከ18 በታች ላሉ ሴቶች 500። ሕፃን ልጅ በምን አቅሟ? ይሄን ለአሠልጣኙ በግልጽ ንገሩት። እስኪገዛ ድረስ ትንሽ ኳስ ትወርውር፣ እሱንም ሐኪሙ ሲፈቅድላት።

የሆጤዋ፦ አሠልጣኙ ይቆጣል ብላ እያለቀሰች ነው።

ፊዚዮ፦ ይቆጣ። ራጁን አሳዪው።

ገራገሩ፦ የሆጤዋ፣ ራጁ ምን አለ?

ገራገሩ፦ እህት?

ጦሳ ስር፦ ቅዳሜም አለፈ እኮ። ስታዲየም የነበረ ሰው የለም?

ሐይቅ ዳር፦ እኔ ነበርኩ፣ ግን ገመድ ጉተታው ጋ ነበርኩ።