የሞተች ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) መንጠቆ ላይ አልጸናልኝ አለች

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ። የፒያሳ ልጅ ነኝ። ናይል ፐርች የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ለማጥመድ ጫሞ ሐይቅ ድረስ ወርጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ፣ በጣም ነው ያንገበገበኝ።

ማባበያዬ መዳፍ የምታክል የሞተች ቆሮሶ ናት። መንጠቆውን በከንፈሯ አሳልፌ ስወረውር ገና አየር ላይ ከንፈሯ ይተረተርና እሷ ወዲያ፣ መንጠቆው ወዲህ። ከፍሪጅ እንደወጣች፣ በረዶዋ ሳይለቅ ስወረውራት ትጸናለች፤ ግን ሁለተኛው ውርወራ ላይ ሟሙታ ትልፈሰፈሳለች። ከዚያ ጅራቷ ሥር፣ ሥጋው ጠንከር ያለበት ላይ ወግቼ በክር ጠመጠምኳት። አልወለቀችም። ግን ስስባት እንደ እንዝርት እየተሽከረከረች ገመዱን አወሳሰበችብኝ፣ ግማሽ ቀን ስፈታ ዋልኩ።

አንዴ ተወሰደች። ገመዱ በጣቴ መሃል ሲሮጥ ተሰማኝ፣ ቶሎ ሳብኩ፣ ቅርፊቷ የተፋቀ ቆሮሶ ብቻ ወጣች። ዓሣው ብዙ ጊዜ ከጭንቅላቷ በኩል ስለሚውጣት መንጠቆው ወደየት ይዙር? እያቆምኩ ቀስ ብዬ ልሳብ ወይስ ታች ሐይቁ መሬት ላይ ልተዋት? ስንት ልጠብቅ? ከዘገየሁ እስከ ሆዱ ይውጠዋል፣ እኔ ደግሞ ትንሹን በሕይወት መመለስ እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ ልወርድ ነው። በእጃችሁ የሞከራችሁትን ንገሩኝ።